ከጥፋት በኋላ ማን ይወቀሳል? ማን ይከፍላል?

ሰው የመሬትንና የባሕርን ሆድ ከፍቶ ሀብት ማውጣት ከጀመረ ወዲህ፤ ከሀብቱ ጋራ ጥፋቱም አብሮ ወጥቷል። ነዳጅ ዘይት ከመርከብ ፈስሶ የባሕርን ዳርቻ አጥቁሯል፤ የማዕድን መርዝ ወንዝ ገብቶ ዓሣ ጨርሷል። እንዲህ ያለ ጥፋት በደረሰ ጊዜ ሁሉ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛው «ማን ይወቀስ?» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «ማን ይክፈል?» የሚል ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች መንታ ስለሚመስሉ፤ ብዙ ሰው አንዱን ሲመልስ ሁለተኛውንም የመለሰ ይመስለዋል። ታሪክን ስንመረምር ግን ወቀሳው እንደ ክረምት ጎርፍ ሞልቶ ክፍያው ደረቅ የቀረበትን ጊዜ ብዙ ሆኖ እናገኘዋለን። በዚህ ጽሑፍ የዚህን ምክንያት ከውጭ አገርና ካገራችን ታሪክ እየጠቀስን ለማስረዳት እንሞክራለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት፤ ሌላ ካልተባለ በቀር፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ምናልባት ከአንባቢዎቻችን አንዱ፤ «አቀስታ ደጋ ናት፤ ገብስና በግ እንጂ ባሕርና ነዳጅ የላትም፤ ልጆቹ ይህን ነገር ከምን አመጡት?» ይል ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። ከለጋምቦና ከቦረና ተራሮች የሚወርደው ውሃ ሁሉ በስተመጨረሻ ዐባይ ይገባል። እኛ ከላይ ነን፤ ሌላው ሰው ከታች ነው። ደግሞም የማዕድን ሥራ ከደጃችን ደርሷል፤ በጎረቤታችን በደላንታ ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ መቆፈር ከጀመረ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ነገ ወደ እኛ ቀበሌ መኪናና ማሽን ይዞ የሚመጣ ኩባንያ ሲኖር፤ ምን ብለን እንደምንቀበለውና ምን ብለን እንደምንጠይቀው ዛሬ መማር ይገባናል።

በመጀመሪያ ወደ እንግሊዝ አገር የባሕር ዳርቻ እንሂድ። መጋቢት 9 ቀን 1959 ዓ.ም. ቶሪ ካንየን የምትባል ታላቅ የነዳጅ መርከብ፤ ወደ 120 ሺሕ ቶን የሚጠጋ ድፍድፍ ዘይት ከኩዌት ጭና ስትጓዝ፤ በኮርንዎልና በሲሊ ደሴቶች መካከል ካለው «ሰባቱ ድንጋዮች» ከሚባለው ዐለት ላይ ወጣች። መርከቢቱ ተቀደደች፤ ዘይቱም ፈስሶ የእንግሊዝንና የፈረንሳይን ዳርቻ አጠቆረ፤ የባሕር ወፎችም በብዙ ሺሕ አለቁ። የእንግሊዝ መንግሥት የሚያደርገው ቢጠፋው፤ ዘይቱ ይቃጠል ብሎ የጦር አውሮፕላን ልኮ መርከቢቱን በቦምብ አስደበደበ።

ከዚህ በኋላ «ጥፋተኛው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ተነሣ። መልሱ ግን እንዲህ ቀላል ሆኖ አልተገኘም። መርከቢቱ የላይቤሪያን ሰንደቅ ዓላማ ትሰቅላለች፤ ባለቤት ተብሎ የተመዘገበው ኩባንያ በቤርሙዳ የተቋቋመ ነው፤ የተከራያት የአሜሪካ የዘይት ኩባንያ ነው፤ ጭነቱ ለእንግሊዝ ኩባንያ የሚሄድ ነው፤ ካፒቴኑ ደግሞ ጣሊያናዊ ነው። የላይቤሪያ መርማሪ ጉባኤ ጥፋቱን በካፒቴኑ ላይ ጣለው። እርግጥ ነው፤ ካፒቴኑ ወደቡ የሚገባበት የማዕበል ሰዓት እንዳያመልጠው ሲል አቋራጭ መንገድ መርጦ ነበር። ዳሩ ግን አንድ ካፒቴን ተወቅሶ ከሥራው ቢወጣ የጠቆረው ዳርቻ አይነጻም፤ መረቡ የተበላሸበት ዓሣ አጥማጅም እንጀራውን አያገኝም።

እንግሊዞች ባለቤቱን በቢሮ ሲፈልጉት ስላጡት፤ በባሕር ላይ ጠበቁት። ሌክ ፓሉርድ የምትባለው የዚሁ ባለቤት ሌላ መርከብ ሲንጋፖር ወደብ በደረሰች ጊዜ፤ አንድ ጠበቃ ወጥቶ የፍርድ ቤቱን የእግድ ወረቀት በምሰሶዋ ላይ ለጠፈ። መያዣ ከተገኘ በኋላ ባለቤቱ ለድርድር ቀረበ፤ በ1962 ዓ.ም. መጀመሪያም 3 ሚሊዮን ፓውንድ ለእንግሊዝና ለፈረንሳይ ተከፈለ። በዚያው ጊዜ ገደማ፤ በኅዳር 1962 ዓ.ም. መንግሥታት በብራስልስ ተሰብስበው አንድ ስምምነት ፈረሙ። የስምምነቱም ፍሬ ነገር፤ ዘይት ከመርከብ ፈስሶ ጉዳት ሲያደርስ የመርከቡ ባለቤት ስሕተት መሥራቱ ባይረጋገጥበትም እንኳ፤ እስከ ተወሰነ ገንዘብ ድረስ ይከፍላል፤ ለዚህም አስቀድሞ ዋስትና ይገባል የሚል ነው። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ዓለም ይህን ሕግ ያገኘው በካፒቴኑ ላይ በተሰነዘረው ወቀሳ አይደለም። ከፋዩ አስቀድሞ በወረቀት ይታወቅ በማለቱ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ በቅርብ ዘመን የሆነ ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 2002 ዓ.ም. ማታ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ፤ ዲፕዋተር ሆራይዘን የተባለው የቁፋሮ መድረክ ፈንድቶ ተቃጠለ። 11 ሠራተኞች ሞቱ። ጉድጓዱ 1,500 ሜትር ያህል ጥልቀት ካለው ውሃ በታች ስለ ነበረ፤ እስኪደፈን 87 ቀን ፈጀ። የአሜሪካ መንግሥት ከጉድጓዱ የወጣው ዘይት 4.9 ሚሊዮን በርሜል ነው ብሎ ገመተ፤ በኋላ ግን ፍርድ ቤቱ ለቅጣቱ መሠረት ያደረገው 3.19 ሚሊዮን በርሜል ነው።

በዚህ ሥራ ሦስት ኩባንያዎች ነበሩበት። የጉድጓዱ ባለፈቃድ ቢፒ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ነበር፤ መድረኩ የትራንስኦሽን ነበር፤ ጉድጓዱን በሲሚንቶ የደፈነው ሃሊበርተን ነበር። ግንቦት 3 ቀን የሦስቱ ሹማምንት በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፊት ቀርበው ቃላቸውን ሰጡ። ቢፒ፤ «ፍንዳታውን ማቆም የነበረበት መሣሪያ የትራንስኦሽን ነው» አለ። ትራንስኦሽን፤ «የጉድጓዱ ዕቅድና ትእዛዝ የቢፒ ነው» አለ። ሃሊበርተንም፤ «እኛ የታዘዝነውን ነው የሠራን» አለ። ጲላጦስ እጁን የታጠበበት ውሃ ለሦስቱም የተዳረሰ ይመስል ነበር።

የፖለቲካ ሰዎችም ከዚህ አልተሻሉም። የፕሬዚዳንት ኦባማ ተቃዋሚዎች መንግሥት ዘግይቷል እያሉ ወቀሱ። መንግሥቱ በበኩሉ ኩባንያውን ወቀሰ። ነገር ግን የማዕድን ሥራውን የሚቈጣጠረው መሥሪያ ቤት፤ በአንድ እጁ ከኩባንያዎቹ የመንግሥትን ድርሻ ገንዘብ የሚሰበስብ፤ በሌላው እጁ እነዚያኑ ኩባንያዎች የሚቈጣጠር ነበር። ይኸው መሥሪያ ቤት ቢፒን በዝርዝር ከሚደረግ የአካባቢ ጥናት ነጻ አድርጎት እንደ ነበረ ታወቀ። የመሥሪያ ቤቱ ዲሬክተር ከሥራቸው ለቀቁ፤ መሥሪያ ቤቱም ተከፋፍሎ ፈረሰ። ሰኔ 9 ቀን ቢፒ 20 ቢሊዮን ዶላር ለተጎጂዎች እንዲያስቀምጥ ከፕሬዚዳንቱ ጋራ ተስማማ። በማግሥቱ ግን ጆ ባርተን የተባሉ የቴክሳስ እንደራሴ የቢፒን ሹም በምክር ቤት ይቅርታ ጠየቋቸው፤ የገዛ ፓርቲያቸው ስለ ተቈጣቸው በዚያው ቀን ቃላቸውን መልሰው አጠፉ። አንድ ባሕር ጠቁሮ ሳለ፤ አንዱ ፖለቲከኛ ሲቀጣ ሌላው ይቅርታ ይለምን ነበር።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጩኸት እንዴት ወደ ፍርድ ደረሰ? ያደረሰው መዝገብ ነው። መርማሪዎች የመሐንዲሶችን ደብዳቤ አነበቡ፤ የብረት ቱቦውን መካከል ለማስያዝ 21 መያዣዎች ይገቡ ዘንድ ተመክሮ ሳለ 6 ብቻ እንደ ገቡ አገኙ። የጉድጓዱን ግፊት የሚለካው ፈተና በአደጋው ቀን ያሳየውን ቍጥር አዩ፤ ሠራተኞቹ ቍጥሩን በተሳሳተ መንገድ እንደ ተረዱትም አረጋገጡ። በዚህ መሠረት በኅዳር 2005 ዓ.ም. ቢፒ ስለ 11ዱ ሰዎች ሞት ጥፋተኛነቱን አምኖ 4 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ነሐሴ 29 ቀን 2006 ዓ.ም. ዳኛ ካርል ባርቢየር ጥፋቱን በመቶኛ መድበው ፈረዱ፤ ቢፒ 67፣ ትራንስኦሽን 30፣ ሃሊበርተን 3። በኋላም ቢፒ ለመንግሥቱና ለባሕሩ ዳር ክፍላተ ሀገር 20.8 ቢሊዮን ዶላር እንዲከፍል ሆነ።

ይህን ስንል የአሜሪካን ፍርድ ፍጹም ነው ማለታችን አይደለም። በሁለት የጉድጓድ ኀላፊዎች ላይ ቀርቦ የነበረው የነፍስ መጥፋት ክስ በ2008 ዓ.ም. ተነሥቷል፤ ከዚህ ጥፋት የተነሣ ወኅኒ ቤት የገባ ሰው የለም። ደግሞም 11ዱ ሰዎች በዶላር አይመለሱም። ነገር ግን ዓሣ አጥማጁ የሚከሰው አላጣም፤ ዳኛውም የሚያነበው አላጣም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ኢትዮጵያ ዛሬ በባሕር ላይ ነዳጅ አትቆፍርም፤ ወርቅ ግን ትቆፍራለች። በደቡብ በኩል በኦሮሚያ በጉጂ ዞን፤ ሻኪሶ ከምትባለው ከተማ አጠገብ፤ ለገ ደምቢ የሚባል የወርቅ ማዕድን አለ። የአዶላ አካባቢ ከንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ጀምሮ ወርቅ የሚታጠብበት አገር ነው። ለገ ደምቢን ግን በማሽን የሚሠራ ትልቅ ማዕድን ያደረገው በደርግ ዘመን መንግሥት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ማዕድኑ በ172 ሚሊዮን ዶላር ለሚድሮክ ተሸጠ፤ የ20 ዓመት ፈቃድም ተሰጠው። ለብዙ ዘመን በአገራችን ብቸኛው ትልቅ የወርቅ ማዕድን ሆኖ የውጭ ምንዛሪ ሲያስገኝ ኖሯል፤ ለብዙ ሠራተኞችም እንጀራ ሆኗል። ይህን ውለታ መካድ አይገባም።

የወርቁን አሠራር ጥቂት መግለጥ ያስፈልጋል። ዐለቱ ተፈጭቶ እንደ ጭቃ ከሆነ በኋላ ሲያናይድ ከሚባል መርዝ ጋራ ይቀላቀላል፤ ሲያናይዱ ወርቁን ያሟሟዋል፤ ከዚያም ወርቁ በከሰል ተለቅሞ ይወጣል። የቀረው ጭቃ በግድብ ተከትሮ ይቀመጣል። በዚህ ጭቃ ውስጥ ከሲያናይዱ ሌላ፤ ከዐለቱ የሚወጡ እንደ አርሴኒክ ያሉ መርዞች ሊኖሩ ይችላሉ። ግድቡ ካልጠበቀ ምን እንደሚሆን ዓለም በጥር 1992 ዓ.ም. አይቷል። በሩማንያ አገር በባያ ማሬ አንድ የወርቅ ማዕድን ግድብ ተሰብሮ 100 ሺሕ ሜትር ኩብ ያህል የተመረዘ ውሃ ወደ ወንዝ ገባ፤ እስከ ዳኑብ ወርዶ በሃንጋሪ በኩል ብዙ ዓሣ ፈጀ። ከማዕድኑ ባለ ድርሻዎች ዋናው የአውስትራሊያ ኩባንያ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዕዳውን መሸከም አቅቶት በአስተዳዳሪ እጅ ገባ።

በለገ ደምቢ እንዲህ ያለ በአንድ ቀን የታየ ጎርፍ አልነበረም። የአካባቢው ሰዎች የተናገሩት ቀስ ብሎ ስለሚገባ ጉዳት ነው። ሴቶች ስለሚያስወርዳቸው፤ ሕፃናት ጐድሎባቸው ስለ መወለዳቸው፤ ከብቶች ጠጥተው ስለ መሞታቸው ለብዙ ዓመት አቤት ሲሉ ኖሩ። ኩባንያው ግን ጉዳቱ ከእኔ ሥራ የመጣ አይደለም ሲል ካደ። የ20 ዓመቱ ፈቃድ ባለቀ ጊዜ የማዕድን ሚኒስቴር ለ10 ዓመት አደሰው። ይህ በተሰማ ጊዜ በ2010 ዓ.ም. ሚያዝያ ውስጥ በሻኪሶና በአካባቢው ሕዝቡ መንገድ ወጥቶ ተቃወመ። ሚኒስቴሩም ግንቦት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ፈቃዱን አገደው። በአጭር ጊዜ ውስጥ ፈቃዱን ያደሰውና ፈቃዱን ያገደው አንዱ መሥሪያ ቤት መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ያሳደሰው ጥናት ምን ነበር? ያሳገደውስ ጥናት ምን ነበር? ከጩኸቱ በቀር በሕዝብ እጅ የገባ ወረቀት አልነበረም።

ከእገዳው በኋላ የውሃውና የሰዎቹ ጤና እንዲመረመር ተደረገ። ማዕድኑ በ2013 ዓ.ም. እንደ ገና ሥራ ጀመረ። በ2015 ዓ.ም. ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብት ድርጅት ባወጣው ዘገባ፤ በውሃውና በአፈሩ መርዛማ ነገሮች ከልክ በላይ መገኘታቸውን የሚያሳዩ ምርመራዎች ነበሩ፤ መንግሥት ግን ጥናቶቹን ለሕዝብ አላወጣም፤ ኩባንያውም ብክለቱን ሳያቆም ሥራ ቀጠለ ሲል ከሰሰ። ወርቁን እስከ 2010 ዓ.ም. ይገዛ የነበረውን የስዊዘርላንድ ማጣሪያም አብሮ ወቀሰ። እንደ ባሕረ ሰላጤው ሁሉ እዚህም ኩባንያ፣ ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤትና ገዢ አሉ፤ ወቀሳም አለ። የጐደለው በዳኛ ፊት ተዘርግቶ ሁሉ የሚያነበው መዝገብ ነው። ኩባንያው ንጹሕ ከሆነ መዝገቡ ነጻ ያወጣው ነበር፤ ጥፋተኛ ከሆነም እናቶቹ ካሳቸውን ያገኙ ነበር። መዝገቡ ተዘግቶ ሲቀር ንጹሑም አይነጻም፤ ተበዳዩም አይካስም።

እዚህ ላይ እኛ የወሎ ልጆች ልናልፈው የማይገባን አንድ ነገር አለ። የሚድሮክ ባለቤት ሼክ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ በወልድያ ያደጉ ናቸው፤ ለከተማዋ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን ትልቅ ስታዲዮም አሠርተዋል፤ በአገሩ ሰው ዘንድም የተወደዱ ናቸው። የሻኪሶ ሕዝብ በተቃወመበት ጊዜ እርሳቸው በሳዑዲ ዐረቢያ ታስረው ነበር። ስለዚህ ነገሩ በተነሣ ቍጥር «የእኛን ሰው ነኩብን» ማለት ቀላል ነው፤ ከዚያ ወገን ደግሞ «የእነርሱ ሰው መረዘን» ማለት ቀላል ነው። እንዲህ ስንል ግን የመርዙን ጥያቄ ወደ ዘር ጥያቄ ለውጠነዋል፤ ውሃው እንደ ሆነ የማንንም ዘር አይጠይቅም። ለተደረገልን ስታዲዮም እናመሰግናለን፤ በሻኪሶ ያለችው እናት ስለ ልጇ ላቀረበችው ጥያቄም መልስ ይገባታል። ምስጋናውና ጥያቄው በአንድ አፍ ሊነገሩ ይችላሉ። ስታዲዮሙ ወልድያ ስላለ ብለን ዝም ብንል፤ ነገ የእኛ ምንጭ ሲደፈርስ ማን ይጮኽልናል?

ብዙ ሰው የኩባንያ ተጠያቂነት ከውጭ አገር የመጣ ፈሊጥ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። የደጋ ገበሬ ሁሉ ይህን ሕግ ያውቀዋል። በሬ ገመዱን በጥሶ የጎረቤት አዝመራ ቢበላ፤ ባለቤቱ «እኔ እኮ አስሬው ነበር» ብሎ አይድንም፤ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ የተበላው ይገመታል፤ ባለ በሬው ይከፍላል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 እንደምናነበው፤ ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው የባልንጀራው በሬ ወይም አህያ ቢገባበት ዋጋውን ይከፍላል። በአገራችን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በዚህ ይስማማል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም ይህንኑ ያጸናል። በቍጥር 2071 ላይ የእንስሳ ባለቤት፤ እንስሳው በድንገት ያመለጠው ቢሆንም እንኳ፤ ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ መሆኑን ይደነግጋል። በቍጥር 2069 ላይ ደግሞ የሚፈነዳ ወይም የሚመርዝ ነገር በማከማቸት ወይም በመጠቀም፤ የመሬትን ተፈጥሮ በመለወጥ፤ ወይም እጅግ አደገኛ የሆነ የኢንዱስትሪ ሥራ በመሥራት ሌላውን ለአደጋ ያጋለጠ ሰው፤ ጉዳት ሲደርስ እንደሚከፍል ይናገራል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የዚሁ ቍጥር ሁለተኛ ንኡስ ክፍል ነው፤ አደጋውን የፈጠረው መንግሥት ራሱ ቢሆንም፤ ወይም ሥራው በመንግሥት ፈቃድ የሚሠራ ቢሆንም፤ ኀላፊነቱ አይቀርም ይላል። እንግዲህ «ፈቃድ አለኝ» ማለት መሸሸጊያ እንደማይሆን ያገራችን ሕግ የተናገረው የቶሪ ካንየን ዘይት ከመፍሰሱ 7 ዓመት ቀደም ብሎ ነው።

ከዚያም ወዲህ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ መኖር መብት መሆኑን አወጀ። የአካባቢ ብክለት ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 300/1995 ደግሞ በአንቀጽ 11፤ ማንም ሰው ጉዳቱ በራሱ ላይ ባይደርስም እንኳ፤ አካባቢን የሚበክለውን ለመሥሪያ ቤቱ ሊከስ እንደሚችል ይፈቅዳል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም ውሳኔው ቅር ካሰኘው፤ ከሳሹ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። አንድ የባለሙያዎች ማኅበር በዚህ ሕግ ተመርቶ፤ ስለ አቃቂና ስለ ሞጆ ወንዞች መበከል የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑን ከሶ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ግን የሚከሰሰው ባለሥልጣኑ አይደለም ብሎ መዝገቡን ዘጋው። ሕጉ መልካም ሆኖ ሳለ መንገዱ አሁንም ጠባብ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

አባቶቻችን አውጫጭኝ የሚሉት ሥርዐት ነበራቸው። ከብት ተሰርቆ ወይም ነፍስ ጠፍቶ ጥፋተኛው ያልታወቀ እንደ ሆነ፤ የአገሩ ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ የሚያውቅ ሰው እስኪናገር ድረስም ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። ይህ ሥርዐት አንድ መልካም ጎን ነበረው፤ ባለጠጋው በግብዣ ወይም በሹመት አመካኝቶ አይቀርም፤ ነገሩም ሳይነገር አይበተንም። ደግሞ አንድ ክፉ ጎን ነበረው፤ ጥፋተኛው ካልተገኘ ያገሩ ሰው ሁሉ ተካፍሎ ይከፍላል፤ ንጹሑ ከሌባው ጋራ ይቀጣል። በዛሬው ዘመን የብክለት ነገር ላይ የምናየው፤ መልካሙ ጎን ጠፍቶ ክፉው ጎን መቅረቱን ነው። ኩባንያውም ሹሙም ሳይናገሩ ከሜዳው ይሄዳሉ፤ በወንዙ ዳር ያለው ሕዝብ ግን በጤናው፣ በከብቱና በልጁ ሲከፍል ይኖራል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ለእኛ ምን ትምህርት ይገኛል? ወቀሳ የሚፈልገው አፍ ብቻ ነው፤ ክፍያ ግን መዝገብ ይፈልጋል። መዝገቡም ከጥፋቱ በኋላ የተጀመረ እንደ ሆነ ይዘገያል። የሻኪሶ ገበሬ፤ «ውሃዬ ዱሮ ንጹሕ ነበር» ባለ ጊዜ፤ «ማዕድኑ ሳይመጣ የተለካበትን ወረቀት አሳየን» ቢባል ምን ያሳያል? ይህን ወረቀት በሕግ ማዘጋጀት የነበረበት ባለፈቃዱና ፈቃድ ሰጪው ነው፤ አዋጅ ቍጥር 299/1995 የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ከሥራው በፊት እንዲደረግ ያዛል። ዳሩ ግን ባለጉዳዩ ራሱ የማያውቀውን ወረቀት ማን ይጠይቅለታል?

ስለዚህ ለጓደኞቻችን ተማሪዎች የምንለው ይህ ነው። ኬሚስትሪ የምንማረው ለፈተና ብቻ አይሁን፤ ውሃ መመርመርን እንማርበት። ከእናንተ ሕግ ለማጥናት የምትሄዱ ቍጥር 2069ን አትርሱ። የአቀስታ፣ የመካነ ሰላምና የየገጠሩ ተማሪ የሚጠጣውን ምንጭ ስም፣ የውሃውን መልክና ብዛት፣ የተለካበትንም ቀን በደብተር ይጻፍ፤ ደብተሩም በትምህርት ቤት ይቀመጥ። ለመምህሮቻችን የምንለምነው፤ ለዚህ ሥራ የሚረዳ የመለኪያ መሣሪያ እንዲገኝ እንዲያሳስቡልን ነው። ለወላጆቻችንም የምንለው፤ የማዕድን ወይም የፋብሪካ ሰው ወደ ቀበሌው መጥቶ ስብሰባ ሲጠራ፤ ስለ ሥራና ስለ መንገድ ከመጠየቃችሁ ጋራ «የውሃው ጥናት የታለ? ጥፋት ቢደርስ የሚከፍለው ማን ነው? በየትኛው አገር ነው የተመዘገበው?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን መጠየቅ ልማትን መጥላት አይደለም፤ በሬውን የሚገዛ ሰው ስለ ገመዱም ይጠየቃል።

የለገ ደምቢ እናቶች ጥያቄ ዛሬም መልሱን በመጠበቅ ላይ ነው። መልሱ ከእኛ ደጋ ሩቅ ባለ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ወረቀት ነው፤ ይከፈት ዘንድ መጠየቅ ግን ለሻኪሶ ሰው ብቻ የተተወ አይደለም። ከላይ እንደ ገለጥነው ሕጉ ለማንም ሰው ፈቅዷልና፤ አቀስታ ያለን እኛም ከ«ማንም ሰው» እንቈጠራለን።